የመንጋጋ ጥርስ በኮምፖዚት ሲሞላ የትኛውን ቦንድ እንምረጥ?

ወጣት ባልደረቦቼ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሲሄዱ በስልክ ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «የትኛውን ቦንድ ላምጣ?» የሚለው ነው። ቦንድ ማለት ኮምፖዚት የተባለውን የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቀው ፈሳሽ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን መልስ የለውም። ለፊት ጥርስ የበቃ ቦንድ መንጋጋ ላይ ሊያሳፍር ይችላል፤ መንጋጋ ላይም ቢሆን በማኘኪያው ገጽ ብቻ ለተወሰነ ጉድጓድ የሚበቃው ዘዴ፣ ጉድጓዱ በሁለት ጥርሶች መካከል ወርዶ ድድ ሥር ሲገባ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጠርሙሶችን በስማቸው ሳይሆን ዘዴዎችን አወዳድራለሁ፤ ምርጫውንም በሁለት ጥያቄዎች ላይ አቆማለሁ። አንደኛው፣ የጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ ኢናሜል በሚባለው ጠንካራ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ላይ ያረፈ ነው ወይስ ኢናሜሉን አልፎ ወርዷል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ጠርዝ ቦንዱ ተቀብቶ ማጠንከሪያው መብራት እስኪበራበት ድረስ ከምራቅና ከደም ጠብቆ ማቆየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አንድ ረዳት ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሥራ አበላሽቶብኛል።

የምናጣብቅበት አካል

ቦንዱ ከኮምፖዚቱ ጋር መያያዙ ብዙም አያሳስብም፤ ሁለቱም ሬዚን፣ ማለትም የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ በመሆናቸው ይዋሃዳሉ። ጣጣው ያለው በጥርሱ በኩል ነው። ኢናሜል ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን በመሆኑ በፎስፎሪክ አሲድ ሲነካ ገጹ ይሻክራል፤ ፈሳሹ ሬዚንም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር እንደ ሥር ቆንጥጦ ይይዛል። ማይክል ቡኦኖኮር ይህን በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። ከዚያ ወዲህ አሲዱ ወደ 37 በመቶ ገደማ ወርዶ ጄል ከመሆኑና ሰዓቱ ከማጠሩ በቀር ነገሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ አፍ ውስጥ ከምናጣብቃቸው ነገሮች ሁሉ እኔ ያለ ሥጋት የምተማመነው ዛሬም በዚሁ ነው።

ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን ግን ሌላ ዓለም ነው። ከክብደቱ ማዕድን የሆነው 70 በመቶ ያህሉ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንና ውሃ ነው። በዚያ ላይ ወደ ነርቩ በሚያመሩ ቱቦዎች የተበሳሳ ነው፤ ከኢናሜሉ ድንበር አጠገብ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 20,000 ያህል የሚቆጠሩት ቱቦዎች ነርቩ አጠገብ ሲደረስ 45,000 ያህል ይሆናሉ፤ ወርዳቸውም ይሰፋል። እንግዲህ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር የምናጣብቅበት ገጽ እየረጠበ ይሄዳል ማለት ነው። ኮምፖዚት ደግሞ ውሃ የሚሸሽ ነገር ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የወጡት የቦንድ ዓይነቶች በሙሉ ይህን ጠብ ለማስታረቅ የተሞከሩ መንገዶች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

መንጋጋ በዚህ ላይ የራሱን ሸክም ይጨምራል። ኮምፖዚት በመብራት ሲጠነክር በአብዛኛው ከይዘቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይኮማተራል። በማኘኪያው ገጽ ላይ ያለ ጉድጓድ ወለሉን ጨምሮ አምስት የሚጣበቅ ገጽና አንድ ክፍት ገጽ ብቻ ስላለው፣ ሲኮማተር የሚስበው ኃይል የሚተነፍስበት አጥቶ ቦንዱ ላይ ያርፋል። በሁለት ጥርሶች መካከል በወረደ ጉድጓድ ደግሞ የመብራቱ ጫፍ ከታችኛው ወለል 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ብርሃኑ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጠርዝ ከሁሉ ያነሰውን ብርሃን ያገኛል። ቆሎ የሚቆረጠመውም በዚሁ ጥርስ ነው።

ቶታል ኤች፦ ጠንካራው፣ ግን ይቅር የማይለው

ኤች ማለት በአሲድ ማሻከር ነው፤ በዚህ ዘዴ ኢናሜሉም ዴንቲኑም በፎስፎሪክ አሲድ ተቀብቶ ይታጠባል። ኢናሜሉ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ሲችል ዴንቲኑ ከ15 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ስለዚህ ጄሉ መጀመሪያ ኢናሜሉ ላይ፣ በመጨረሻ ዴንቲኑ ላይ ይጨመራል። ከዚያ ፕራይመር የሚባለው ማዘጋጃ ፈሳሽና ቦንድ በየተራ የሚቀቡበት ባለሦስት ደረጃ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ የተቀላቀሉበት ባለሁለት ደረጃም አለ። ባለሦስት ደረጃው ለረጅም ጊዜ የሌሎቹ መለኪያ ሆኖ የኖረ ነው። በየክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ዘወትር የማገኘው ግን ባለአንድ ጠርሙሱን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣንም ይመስላል።

አሲዱ ታጥቦ ሲሄድ የዴንቲኑ ማዕድን አብሮ ስለሚሄድ የኮላጅኑ መረብ ብቻውን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ዴንቲኑ በአየር ተነፍቶ ከደረቀ መረቡ ይወድቅና ሬዚን አያስገባም፤ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ሬዚኑ በውሃ ይቀጥናል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ግን ኩሬ ያልሠራ እርጥበት ነው። ይህ በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ነው፤ የመንጋጋ ጉድጓድ ጥግ ላይ ግን ወለሉ ደርቆ ማዕዘኑ ውሃ አቁሮ ይገኛል።

ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ ደሴን ጉም በሸፈነበት የሐምሌ ጠዋት፣ አንዲት እናት የታችኛውን የመጀመሪያ መንጋጋቸውን ሞላሁላቸው። ኢናሜሉ እንደ ጠመኔ ነጭ እስኪሆን ድረስ ነፋሁ፤ የተማርኩት እንደዚያ ነበር፤ ዴንቲኑንም ከኢናሜሉ ጋር አብሬ አደረቅኩት። የቀባሁት ቦንድ ደግሞ ማሟሟቻው አሴቶን ነበር። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ትሉ አልወጣም መሰል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በተጎነጨሁ ቁጥር ናላዬን ያዞረዋል» አሉኝ።

«አብሽሩ እማማ፣ ትል አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ሙሌቱን ስከፍተው ዙሪያው ከኢናሜሉ ጋር ጥብቅ ብሎ ይዞ ነበር። ዙሪያውን ቆርጬ ስጨርስ ግን የወለሉ ቁራጭ እንዳለ ተነሣ፤ ከሥሩ አገላብጬ ባየው የመስታወት ያህል ልሙጥ ነው። ዴንቲኑን አልያዘም፤ በመካከሉ በቀረው ክፍተት ቀዝቃዛ ነገር ሲደርስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩም ይጮኻል።

በዚህ ዘዴ ለሚሠራ ሰው የማሟሟቻው ዓይነት ከስሙ ይበልጣል። አሴቶን ያለበት ቦንድ እርጥብ ዴንቲን ይፈልጋል፤ ውሃና ኤታኖል ያለበት ግን ዴንቲኑ ትንሽ ቢደርቅ እንኳ የወደቀውን ኮላጅን መልሶ የማንሣት አቅም አለው። እጁ ማድረቅ ለሚወድ ባለሙያ ሁለተኛው ይሻለዋል። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በጥንቃቄ በተሠሩ የንጽጽር ጥናቶች ውስጥ ከሙሌት በኋላ በሚሰማው ሕመም ረገድ በቶታል ኤችና በሴልፍ ኤች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ጥናት ውስጥ የሚሠራው ሰው ግን ሰዓቱንም እርጥበቱንም እየተከታተለ የሚሠራ ነው፤ ወረፋው እስከ ደጅ የተሰለፈበት ሰው አይደለም።

ሴልፍ ኤች፦ ለዴንቲን የዋህ፣ ለኢናሜል ሰነፍ

እዚህ ላይ የሚታጠብ አሲድ የለም። ፕራይመሩ ራሱ አሲዳማ ስለሆነ ማዕድኑን እየፈታ በዚያው ሬዚኑን ይዞ ይገባል፤ ኮላጅኑን ራቁቱን አያስቀረውም፤ ስለ እርጥበት መጨነቅም ይቀንሳል። ከሁሉ የማከብረው ባለሁለት ደረጃውን፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 2 የሚጠጋውን ለስላሳ ዓይነት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ስሙ የገነነው ኤምዲፒ የተባለው ሞኖመር፣ ማለትም የሬዚን መነሻ ውህድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ በዴንቲኑ ውስጥ ከቀረው ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ይህ ትስስር ዓመታት ሲያልፉ ዋጋው ይታያል፤ ምክንያቱም ቶታል ኤች ያስቀረውን ያልተሸፈነ ኮላጅን የዴንቲኑ የራሱ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ይበሉታል።

ድካሙ ኢናሜል ላይ ነው። ለስላሳው አሲድ ኢናሜልን እንደ ፎስፎሪክ አሲድ አያሻክርም፤ በተለይ በቡር፣ ማለትም በመቦርቦሪያው ጫፍ፣ ያልተነካውን። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ በሙሌቱ ጠርዝ ዙሪያ ቡናማ መስመር ይታያል፤ ቡናና ጫት በማይለይበት አካባቢ ደግሞ መስመሩ ቶሎ ይወጣል። መስመሩ ሁልጊዜ ጉድጓድ ማለት አይደለም፤ ታካሚው ግን «ተመልሶ ተበላ» ብሎ ይመጣል፤ ልምዱ ያልጠነከረ ባለሙያም ጤነኛውን ሙሌት ይነቅላል።

ለዚህ መፍትሔው ሴሌክቲቭ ኤች ነው፦ ጄሉን ኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር አድርጎ ለ15 ሰከንድ ማቆየት፣ ማጠብ፣ ከዚያ ሴልፍ ኤቹን በሁሉም ላይ መቀባት። ጄሉ ወፍራም ሊሆን ይገባል፤ ቀጭኑ ወደ ዴንቲኑ ይወርዳል፤ ለስላሳ ሴልፍ ኤች ደግሞ በፎስፎሪክ አሲድ አስቀድሞ የተነካ ዴንቲን ላይ ይዳከማል። ለመንጋጋ፣ ጠርዙ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ኢናሜል ለሆነበት ጉድጓድ፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይኸው ነው።

ዩኒቨርሳል ቦንድ

ከእ.ኤ.አ. 2011 ገደማ ጀምሮ ገበያውን የያዙት ዩኒቨርሳል የሚባሉት ባለአንድ ጠርሙስ ቦንዶች በሦስቱም መንገድ፣ ማለትም በቶታል ኤች፣ በሴልፍ ኤችና በሴሌክቲቭ ኤች፣ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ አብዛኞቹም ኤምዲፒ አላቸው። ጄሉ ሳይታሰብ ዴንቲን ቢነካ እንደ ሴልፍ ኤቹ አይቀየሙም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ለሚገዛ ክሊኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ስሙ አንድ ደረጃ ይበል እንጂ 20 ሰከንድ ያህል በብሩሽ አጥብቆ ማሸት፣ ከዚያም ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ በቀስታ መንፋት ግዴታ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው መብራት ማብራት ውሃውንና ማሟሟቻውን ውስጡ መቅበር ነው። ሌላው፣ አሲዳማ በመሆናቸው ያለ መብራት በራሳቸው ከሚጠነክሩ ኮምፖዚቶች ጋር ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ማነቃቂያ አይስማሙም።

ግላስ አዮኖመር፦ ያለ አግባብ የተናቀው

አንዳንድ ባልደረቦች ግላስ አዮኖመርን ለልጆችና ለጊዜያዊ ሙሌት ብቻ ይተዉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ሲሚንቶ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በራሱ ይተሳሰራል፤ ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ በፖሊአክሪሊክ አሲድ ጠርጎ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል። እርጥበትን ከሬዚን ይልቅ ይታገሣል፤ ፍሎራይድም ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረው፣ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስን የመሙላት ዘዴ በኋላ የቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በአንድ ገጽ ብቻ ለተወሰነ ጉድጓድ በቋሚ መንጋጋ ላይ ጥሩ ዕድሜ አለው። ሁለትና ሦስት ገጽ ለያዘ ጉድጓድ ግን ይሰበራል፣ ይበላልም፤ ለዚህ ብቻውን አልመክረውም።

ከኮምፖዚት ጋር ሲጣመር ግን ሁለቱም ከየብቻቸው ይሻላሉ። የታችኛው ጠርዝ ኢናሜሉን አልፎ ወርዶ ከሆነ፣ የሙሌቱን ጎን የሚይዘው ማትሪክስ ባንድና በጥርሶቹ መካከል የሚሰካው ዌጅ ከገቡ በኋላ የጉድጓዱን የታችኛውን ክፍል ሬዚን ባለበት ግላስ አዮኖመር መሙላት፣ ከዚያ በላይ ያለውን በቦንድና በኮምፖዚት መዝጋት ይቻላል። እላይ ያነሣኋቸውን እናት ጥርስም ወለሉን በዚሁ ሸፍኜ ነው ዳግመኛ የሞላሁት።

ሜርኩሪ ያለበትን የብረት ሙሌት፣ አማልጋምን፣ በአንድ አንቀጽ ልለፈው። አይጣበቅም፤ በጉድጓዱ ቅርጽ ተይዞ ይኖራል፤ ለዚያም ጤነኛ ጥርስ ይቆረጣል። እርጥበትን ግን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ግምገማም መንጋጋ ላይ የኮምፖዚት የመውደቅ ዕድል ከአማልጋም ወደ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አሳይቷል፤ ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን ራሱ ቢገልጽም። ሆኖም ሜርኩሪን ለመቀነስ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይደረግ ከተስማሙ ወዲህ መንገዱ እየጠበበ ነው። የተውነው ነገር እርጥበትን ይችል እንደነበር ማስታወስ ግን አይከፋም።

ሐረጎን ሲወርዱ የሚለወጠው

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ ናት፤ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የዕቃ አያያዛችን አንድ ሊሆን አይችልም። ብዙዎቹ ቦንዶች ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ የታዘዙ ናቸው፤ ኮምቦልቻ በበጋ ከሰዓት በኋላ ይህን ታልፋለች። አሴቶን ያለበት ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ማሟሟቻው ይበርና የቀረው እንደ ማር ይወፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቦንድ በስሙ ብቻ ቦንድ ነው። ጠብታው ወደ ማቅረቢያው የሚወርደው ጥርሱ ከተዘጋጀ በኋላ ይሁን፤ ክዳኑም ወዲያው ይዘጋ። ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ኮምፖዚቱ ከማቀዝቀዣ፣ ወይም በሐምሌ ከመሳቢያ፣ እንደ ወጣ ስለሚጠጥር ጥግ ድረስ አይፈስም፤ በቅዝቃዜም ጥንካሬው ይጓደላል። ሲሪንጁን ከሥራው በፊት ክፍሉ ሙቀት ላይ ማቆየት፣ ቢያንስ በእጅ መዳፍ ማሞቅ ይጠቅማል።

አየር ስለሚነፋው ኮምፕረሰር የሚያስብ ጥቂት ነው። ጠዋት ታካሚ ከመግባቱ በፊት አየሩን በንጹሕ የአፍ መስታወት ላይ ለአምስት ሰከንድ ንፉት። የውሃ ነጠብጣብ ወይም የዘይት ጭጋግ ከታየ በዚያ ቀን ያጣበቃችሁት ሁሉ በዘይት ላይ ነው፤ ታንኩን ማፍሰስና ማጣሪያውን ማየት ከአዲስ ቦንድ ይቀድማል። መብራቱም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ስላበራ ብቻ ያጠነክራል ማለት አይደለም። ባትሪው የደከመ፣ ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት የተጣበቀበት መብራት ላይኛውን ቆዳ አጠንክሮ ሥሩን ለስላሳ ይተወዋል፤ በመለኪያ ካልተፈተሸ ዓይን አይለየውም።

ወንበሩ ላይ ሲደረስ

ስድስት ዓመት ገደማ ላይ የበቀለ፣ ግማሹን ገና ድድ የሸፈነው መንጋጋ ሲመጣ ከቦንድ ጋር አትታገሉ፤ ግላስ አዮኖመር ሞልታችሁ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀብታችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ምንም እንዳይታኘክበት ለወላጅ ንገሩ። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ በኮምፖዚት መለወጥ ይቻላል።

በሁለት ጥርስ መካከል ያለና የታችኛው ጠርዙ ገና ኢናሜል የሆነ ጉድጓድ ሴሌክቲቭ ኤች ይገባዋል፤ በባለሁለት ደረጃ ሴልፍ ኤች ወይም በዩኒቨርሳል። ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው የጎማ ሽፋን፣ ራበር ዳም፣ ካለ ይደረግ፤ «ሰው አይወደውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያልለመድነው እኛ ስለሆንን ነው። ኮምፖዚቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር ይግባ፤ በወፍራሙ እንዲሞላ የተሠራው በልክፊል የሚባለውም ቢሆን ከ4 አይለፍ።

ጠርዙ ኢናሜሉን ካለፈ ከላይ የጠቀስኩት ጥምር ይሻላል። ድዱ እየደማ አልቆም ካለ ደግሞ በዚያ ቀን ማጣበቅ የለም። ደም ማቆሚያው መድኃኒት ራሱ ገጹን ስለሚበክል በደንብ ካልታጠበ ቦንዱን ያበላሻል። ጊዜያዊ ሙሌት አድርጎ በሳምንቱ መመለስ ያስቀይማል፤ ግን ከዓመት በኋላ ነርቭ ከማውጣት ይሻላል። ጊዜያዊውን ስትመርጡ ዩጂኖል የሚባለው የቅርንፉድ ዘይት ንጥረ ነገር የሌለበትን ምረጡ፤ ዩጂኖል የሬዚንን መጠንከር ያውካል፤ ቅሪቱም የሚታጠብ አሲድ በሌለው ሴልፍ ኤች ላይ ይበረታል።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ከሌላ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ይታከማሉ። ከስምጥ ሸለቆ የመጡት ጥርሳቸው በፍሎራይድ የጠየመ ከሆነ ኢናሜሉ አሲድን ስለሚቋቋም 15 ሰከንድ አይበቃውም፤ ላዩን በቡር ቀለል አድርጎ መንካትና የጄሉን ሰዓት ማራዘም ያስፈልጋል። ሴልፍ ኤች ብቻውን እዚህ ላይ ፈጽሞ አይሞከር። ጉልላቱ የተሰበረ፣ ሦስት ገጹ የሄደ መንጋጋ ደግሞ ጥያቄው የቦንድ አይደለም፤ ጥርሱን ለሚሸፍነው ቆብ፣ ለክራውን፣ ያስቡበት።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ክሊኒክ የምሰጠው የግዢ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ውሃና ኤታኖል ያለበት አንድ ዩኒቨርሳል ቦንድ፣ ወፍራም የ37 በመቶ ጄል፣ ሬዚን ያለበት ግላስ አዮኖመር፣ ከዚያ የመብራት መለኪያ። ሁለተኛ ዓይነት ቦንድ የሚገዛው ራበር ዳምና መቆንጠጫዎቹ ክላምፖች ከተሟሉ በኋላ ነው።